አምስት ከተማ በሰባት ቀን፦ ልጆቻችሁን እንደ ሻንጣ አትጎትቷቸው



ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ፎቶ ስልካችንን ይሞላዋል። አባት መሐል ላይ፣ እናት በጎኑ፣ ሦስት ጎረምሶች ፊታቸውን አኮሳትረው፣ ከኋላ የኤፍል ማማ። በማግስቱ ብራሰልስ። ከዚያ አምስተርዳም። ሳምንቱ ሳያልቅ የስዊስ በረዶ። ከሥሩ «ማሻአላህ»፣ «ለእኛም ይወፍቀን» የሚል አስተያየት ይደረደራል። አስተያየት ሰጪዎቹ ደግሞ እኛው ነን፤ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሆነን ኔትወርክ ሲመጣ የምንከፍት።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው አሜሪካ፣ ሳዑዲ ወይም ስዊድን የከተሙ ቤተሰቦች አሉን። አዲስ አበባ ሱቅ ከፍተው አላህ የሰጣቸውም አሉ። አላህ ይጨምርላቸው፤ በሪዝቃቸው የምንቀናበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ይህ «የሳምንት አውሮፓ» የሚሉት ነገር የሚታቀድበት መንገድ ልክ አይደለም፤ ለልጆቹም፣ ለገንዘቡም፣ ፎቶውን አይቶ ለሚመኘው ወጣትም። ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበት።

በመጀመሪያ ግን አንድ ተቃውሞ ከመንገዳችን ላይ ላንሳ። በየፎቶው ሥር «ይህን ገንዘብ ይዞ ዑምራ አይሄድም ነበር?» እያሉ የሚጽፉ ወንድሞች አሉ። ወንድሜ፣ ዑምራ ዒባዳ ነው፤ ከሽርሽር ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። ሰውየው ዑምራ ሄዶ እንደሆነስ በምን አወቅህ? ቁርኣን በተለያዩ ቦታዎች በምድር ላይ እንድንሄድና ከእኛ በፊት የነበሩትን ፍጻሜ እንድንመለከት ያዘናል። ኢብን በጡጣ በ1325 እ.ኤ.አ. ከጣንጀር ለሐጅ ሲነሳ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሐጁን አድርጎም መንገዱን አላቆመም፣ ኋላም ግራናዳ ድረስ ደርሷል። ጉዞ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ዓይን ጨፍኖ መሄድ ነው።

አሁን ወደ አባቶች ልመለስ። ጋሼ፣ እስቲ አብረን እንቁጠር። ሰባት ቀን አለዎት። የመግቢያውና የመውጫው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በፍተሻና በእንቅልፍ ያልቃል፤ አምስት ቀረ። አምስት ከተማ ማለት አራት ጊዜ ሆቴል መቀየር ነው። ሻንጣ መሰብሰብ፣ ቁልፍ መመለስ፣ ባቡር መጠበቅ፣ አዲሱ ሆቴል እስኪከፈት ሎቢ ላይ መቀመጥ፤ እያንዳንዱ ሽግግር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። ሁለት ቀን ሄደ። ለአምስት ከተማ ሦስት ቀን ቀረዎት። በዚህ ሦስት ቀን ውስጥ ሐላል ምግብ ፍለጋ አለ፣ የሰላት ቦታ ፍለጋ አለ፣ «እግሬን አመመኝ» አለ። ታዲያ ልጁ ፓሪስን አየ ይባላል? ያየው የአባቱን ጀርባ ነው።

ከዚያ ቤት ሲመለሱ «የዛሬ ልጆች ምንም አያስደስታቸውም፣ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ዋሉ» የሚል ወቀሳ ይመጣል። ልጆቹን ማን ጠየቃቸው? የ15 ዓመት ልጅ የት መሄድ እንደሚፈልግ፣ ምን ማየት እንደሚፈልግ፣ በስንት ሰዓት መነሳት እንደሚችል የጠየቀው አለ? እኛ ዘንድ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ለሊጡ እውነት ይሁን። ለጉዞ ግን ውሸት ነው። ካርታ የሚያነብልህ፣ የባቡር ትኬት በስልኩ የሚቆርጥልህ፣ ከአስተናጋጁ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋግሮ ሥጋው የምን እንደሆነ የሚያጣራልህ እሱ ነው። ሥራውን ሁሉ ለልጅ ሰጥቶ ምርጫውን መንፈግ ምን ይሉታል?

የአስተያየት ልውውጡን ተዉትና ሥራ ስጧቸው። ገንዘቡን ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፦ ይህን ያህል አለን፣ ይህን ያህል ሌሊት እናድራለን። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ቀን ስጡት፤ በዚያ ግማሽ ቀን እሱ ይመራል፣ እናንተ ትከተላላችሁ። ኳስ ሜዳ ቢወስዳችሁም ሂዱ። ጠዋት ይተኙ፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ስንፍና አይደለም።

ደግሞ ለሙስሊም ቤተሰብ አውሮፓ ማለት የኤፍል ማማ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ይህ በእውነት የሚያበሳጨኝ ነገር ነው። ልጆቻችንን በሺዎች ኪሎ ሜትር ወስደን ብረት እናሳያቸዋለን፤ አንዳሉስ ግን ከአፍንጫችን ሥር ይቀራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማድሪድ ይበርራል። ማድሪድ ራሷ ስሟን ያገኘችው «መጅሪጥ» ከሚለው የዐረብኛ መጠሪያ ነው፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኮርዶባው አሚር ሙሐመድ ቀዳማዊ የመሠረታት ምሽግ ነበረች፣ የዚያ ግንብ ቁራጭ ዛሬም ከትልቁ ካቴድራል አጠገብ ቆሟል። ከማድሪድ ኮርዶባ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከኮርዶባ ግራናዳም በባቡር እንዲሁ ቅርብ ነው። ሁለት ሌሊት ኮርዶባ፣ ሦስት ሌሊት ግራናዳ፣ አንድ ሌሊት ማድሪድ። አበቃ። ሻንጣ የሚታሰረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ኮርዶባ ላይ ልጆቹ ምን ያያሉ? ዐብዱረሕማን ቀዳማዊ በ785 እ.ኤ.አ. ገደማ ያስጀመረውን፣ ተከታዮቹ ለሁለት መቶ ዓመታት ያሰፉትን መስጂድ። ከ800 በላይ ዓምዶች፣ ቀይና ነጭ ቅስቶች። ከመሐሉ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሰካ ካቴድራል። ከተማዋ በ1236 ከተያዘች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊም እዚያ ውስጥ እንዲሰግድ አይፈቀድለትም። በ2010 ከኦስትሪያ የመጡ ሙስሊም ወጣቶች ውስጡ ሊሰግዱ ሲሉ ከጥበቃ ጋር ተጋጭተው ፖሊስ ይዟቸዋል። ይህን ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በሩ ላይ ደርሰው እንዳይደነግጡ፣ ጀግንነት መስሏቸውም ችግር እንዳያመጡ።

ግራናዳ ደግሞ ጥር 2 ቀን 1492 (በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ) የወደቀች የመጨረሻዋ የአንዳሉስ ከተማ ናት። አል-ሐምራእ ላይ «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው ቃል በየግድግዳው ተደጋግሞ ተቀርጿል፤ ያስቀረጹት ነገሥታት ተሸንፈው ወጡ፣ ጽሑፉ ቀረ። ከፊት ለፊቱ ባለው የአልባይሲን ኮረብታ ላይ ግን በ2003 አዲስ መስጂድ ተከፍቷል፤ አዛን አለ፣ ጀማዓ አለ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ! አል-ሐምራእን ለማየት ትኬቱ በስምና በፓስፖርት ቁጥር ይቆረጣል፤ የናስሪዶች ቤተ መንግሥት መግቢያ ሰዓት ተጽፎበታል፣ ካለፈባችሁ አትገቡም፤ ቀድሞም ያልቃል። በሐምሌና በነሐሴ የኮርዶባ ሙቀት 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ከጉና ብርድ ለመጣ ሰው አይቻልም። የእኛ ተማሪዎች የግማሽ ዓመት ዕረፍት፣ ጥር መጨረሻና የካቲት፣ ከዚያ ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

«ለምን የተሸነፍንበትን ታሳያቸዋለህ?» የሚል ይኖራል። ይህን ማየት ያለበት ልጅ ቢኖር የእኛ ልጅ ነው። ጎንደር ላይ በ1668 አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ሲያዝዝ አዲስ ዓለም የሙስሊም ሰፈር ሆነ። በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግስት በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዘ፤ ብዙዎች ተሰደዱ። ደብረ ታቦር የዚያው ንጉሥ መቀመጫ ነበረች። ይህ ሁሉ ሆኖ አዛኑ ዛሬም ይሰማል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆኖ ለቅሶና ሰርግ ይደራረሳል። ልጁ ኮርዶባን ሲያይ የራሱን አያቶች ታሪክ ይጠይቃል። ጠይቆም ሲያነጻጽር ያለውን ጎረቤትነት ዋጋ ያውቃል። የኤፍል ማማ ሥር ይህ ጥያቄ አይነሳም።

ፈረንሳይ መሄድ ለሚፈልጉ እህቶች አንድ ነገር ልበል፣ ወሬው በዝቷልና። የ2004ቱ ሕግ ሒጃብ የሚከለክለው በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ተማሪዎች ነው፤ በ2010 ወጥቶ በ2011 ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ፊት መሸፈንን በሕዝብ ቦታ ይከለክላል። ሒጃብ ለብሳ መንገድ ላይ የምትሄድን ቱሪስት የሚያግድ ሕግ የለም። ልጃችሁ ሳታስፈልጓት አትሸማቀቅ። በሰኔ መጨረሻ ፓሪስ ላይ መግሪብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ መሆኑን ግን አስቡበት፤ ዒሻእ ሰግዶ ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ባቡር መያዝ ለጎረምሳ አይደለም ለእናንተም ይከብዳል።

አሁን ማንም በፎቶው ላይ ወደማይጽፈው ነገር ልምጣ፤ ቪዛ።

አሜሪካ የተወለዱት ልጆች ሰማያዊ ፓስፖርት ይዘው ያለ ቪዛ ይገባሉ። እናታቸው ግን ግሪን ካርድ ቢኖራትም ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። ይህን ሳያውቁ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጡ አሉ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. (ኤፕሪል 29, 2024) በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ የቪዛ አሰጣጡን አጥብቋል፤ የማመልከቻው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፣ ሰነድ ማቃለል ቀረ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆመ። ምክንያቱ ምን ተባለ? በሕገ ወጥ መንገድ የቀሩ ዜጎችን በመመለስ ኢትዮጵያ በበቂ አልተባበረችም።

ትርጉሙ ይገባችኋል? አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዘህ ወደ ለንደን ብቅ ብለህ ልትመለስ አትችልም፤ እንግሊዝ የራሷ ቪዛ አላት፣ ከሸንገን ከወጣህ ደግሞ በሩ ተዘጋ። ከሰኔ 2016 ጀምሮ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ግማሹ ነው፤ ጎረምሳ ግን እንደ አዋቂ ሙሉውን ይከፍላል። አባት፣ እናትና ሦስት ጎረምሶች 450 ዩሮ፣ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር። ቢከለከሉ አይመለስም። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ አለ። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው፤ «እገሌ አገር ይቀላል» ብሎ እዚያ አመልክቶ ሌላ ቦታ መሄድ ሌላ ጣጣ ነው።

የወረቀቱን ነገር ደግሞ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት እስቴ ወይም ስማዳ ገጠር ቤት ውስጥ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ያገኘው የልደት ወረቀት የለውም፤ ኋላ በምስክር የወጣ ነው። ቀኑ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ ይሳሳታል። ሙሐመድ የሚለው ስም በአባት ፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በልጁ ሌላ ዓይነት፣ በትምህርት ቤቱ ወረቀት ሦስተኛ ዓይነት የላቲን ፊደል ይጻፋል። እናት ከልጇ ጋር የምትጋራው የቤተሰብ ስም ስለሌለ «በእርግጥ እናቱ ነሽ?» ትባላለች። ስለዚህ ስሞቹን አሁኑኑ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ፤ ልዩነት ካለ ከማመልከቻው በፊት አስተካክሉ። አንዱ ወላጅ የማይሄድ ከሆነ የፈቃድ ሰነዱን በሰነዶች ማረጋገጫ አስጽፉ። ከጉዞው ሦስት ወር በፊት ካልጀመራችሁ አትጀምሩ። ሆቴሉንም ትኬቱንም የሚሰረዝና ገንዘቡ የሚመለስ አድርጉት።

እዚህ ላይ ደላላው ይገባል። «ስቴትመንቱን እኔ እሞላዋለሁ» ይላል። ለሁለት ሳምንት በብድር የገባ ገንዘብ፣ በሌለ ድርጅት የተጻፈ የሥራ ደብዳቤ። በአላህ ስም እጠይቃችኋለሁ፤ የ14 ዓመት ልጅ ከፊታችሁ ተቀምጦ አባቱ በሐሰት ወረቀት ሲፈርም እያየ ስለ ሐቅ ምን ልታስተምሩት ነው? ሐሰቱ ከታወቀ ደግሞ መዝገቡ ለዓመታት ይከተላችኋል።

ከዚህም የከፋ አለ። «ቤተሰቡን በቱሪስት አስገባለሁ፤ እናንተ ትመለሳላችሁ፤ ትልቁ ልጅ እዚያው ይቀራል» የሚለው ነው። ወላጆች ይህን እንደ ዕድል ያዩታል። የ16 ዓመት ልጅ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ክረምቱን የማያውቅ፣ ባዕድ ከተማ ባቡር ጣቢያ ላይ ቁሞ «ብቻዬን ነኝ» እንዲል ይነገረዋል። ወላጆቹ ያሉት ልጅ የሌላቸው ነው ብሎ እንዲዋሽ። ልጅ አማና ነው፤ በሽርሽር ስም የሚጣል ዕቃ አይደለም። እያንዳንዱ በዚህ መንገድ የሚቀር ልጅ ደግሞ ከኋላው ላለው መቶ ቤተሰብ በሩን ያጠብበታል፤ ያ የ45 ቀን ውሳኔ ከሰማይ አልወረደም። አውሮፓውያኑ ፍትሐዊ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ በጥቂቶች ሥራ ሕዝብን በሙሉ መቅጣት ግፍ ነው። ግን ሰበቡን እኛው በእጃችን አንስጣቸው።

ከደቡብ ጎንደር የሄደ ልጅ አውሮፓ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን የምናውቀው ታሪክ አለ። ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተወለደው በ1861 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር ነው። በ1868 መቅደላ ላይ አባቱ ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱም በመንገድ ሞተች። እንግሊዞች ወሰዱት፣ በትልልቅ ትምህርት ቤቶቻቸው አስገቡት፣ ንግሥቲቱም ታውቀው ነበር። በ1879 ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። በ2023 አጽሙ እንዲመለስ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ አልፈቀደም። የሃይማኖቱን ልዩነት ለጊዜው እርሱት፤ ጎረምሳነቱን እዩ። እሱ ተማርኮ ነው። የእኛውን ልጅ ግን ወላጁ በገዛ ገንዘቡ ትኬት ቆርጦ ይጥለዋል።

አንድ የመጨረሻ ክርክር ቀርቷል። «አገር ቤት እንዳንመጣ መንገዱ ሰላም አይደለም፤ ስለዚህ አውሮፓ ሄድን» ይባላል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ማንም አይክድም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጨጨሆን ውጡ የሚላችሁም የለም። እኔም አልልም። ግን ነገሩ ከግጭቱ በፊትም እንዲሁ ነበር፤ እውነቱን እንነጋገር። ስዊስ ሄዶ አይገር ተራራ ሥር ፎቶ የሚነሳው ልጅ፣ ከአባቱ መንደር በላይ ያለው ጉና ከአይገር እንደሚበልጥ አያውቅም፤ አይገር 3,967 ሜትር ነው፣ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ። ጋይንትና ስማዳ ዓመታት በሴፍቲኔት የቆዩ ወረዳዎች መሆናቸውን፣ የአጎቱ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደሚወርድ አያውቅም። አያቱንም በስልክ ስክሪን ብቻ ነው የሚያውቃት፤ እሷ ስታለቅስ እሱ «ኔትወርኩ ተቆረጠ» ይላል።

ልጆቹ ወደ እሷ መምጣት ካልቻሉ እሷ ወደ እነሱ ትምጣ። መንገዱ በሚከፈትበት ቀን የሚያውቅ ሰው ይዟት ባሕር ዳር ይድረስ፤ ከዚያ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አሜሪካ ወይም ስዊድን ያላችሁ አዲስ አበባ ላይ አምስት ቀን ከእሷ ጋር አንድ ቤት ተከራዩ፤ ቡናውን እሷ ታፍላው፣ ልጆቹ ይቅዷት፣ የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ስም ትቁጠርላቸው። አውሮፓውን ከፈለጋችሁ በመመለሻችሁ ላይ አራት ሌሊት ጨምሩት፣ አንድ ከተማ ብቻ። ከአዲስ አበባ የምትነሱትም ቪዛው ቢከለከል ያ የሆቴል ገንዘብ ከእጃችሁ አልወጣም፤ ለእሷ ትኬት በደንብ ይበቃል። አውሮፕላን ተሳፍራ ስለማታውቅ የመስኮቱን ወንበር ያዙላት፤ አጠገቧም ከጎረምሶቹ አንዱ ይቀመጥ።